በወንዱ ነጥብ

ቡሬ መገንጠያው ላይ መኪና ሲቆም ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የማየው። በቀኝ በኩል፣ ከበርበሬ ተራው ኋላ፣ የስንዱ ሱቅ እንዳለ ካወቅሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አንድ የፍኖተ ሰላም ነጋዴ ነው እንደ ዋዛ የነገረኝ፤ «ከእርስዎ ጋር ዩኒቨርሲቲ ገብታ የነበረች ሴት ቡሬ ላይ በርበሬ ትነግዳለች» አለኝና ወሬውን ወደ ሌላ አሳለፈው። ከዚያ ወዲህ ለለቅሶም ሆነ ለሠርግ ቡሬን ባለፍሁ ቁጥር አንገቴን አዞራለሁ። ስንዱን ከትምህርቷ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። በእጄ ገፍቼ አላስወጣኋትም፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚያ ዓረፍተ ነገር አንድ ቀን ፊቷ ቆሜ መናገር እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ ዛሬ ነገ ስል ጡረታ ወጣሁ፣ ጉልበቴ ደረጃ ጠላ፣ ዓይኔ ያለ መነጽር ማንበብ አቃተው፣ ነገሩ ግን እዚያው ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

ዘንድሮ በየካቲት ማለቂያ አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ትግስት እባላለሁ አለች። ከየዩኒቨርሲቲው የተውጣጡ ሴት ተማሪዎች ቡሬ ላይ ስብሰባ ስላላቸው «ተሞክሮዎን እንዲያካፍሉን» ብላ ለመነችኝ። ይህች «ተሞክሮ ማካፈል» የምትባል ነገር መቼ እንደመጣች አላውቅም፤ በእኛ ጊዜ ሰው የደረሰበትን ይናገር ነበር እንጂ እንደ ድፎ ዳቦ ቆርሶ አያካፍልም። ብቻ እሺ አልሁ። ለማስታወቂያው የሚሆን የድሮ ፎቶግራፍ ይላኩልን ስትለኝ ሣጥኔን ከፈትሁ፤ ከፎቶግራፉ በፊት የካርቦን ወረቀት ሽታ ወጣ። ያ ደብዳቤ ነው። ሰማያዊው ጽሕፈት ደብዝዟል፣ ማኅተሙ ግን እንደ ወይን ጠጅ ጠብታ ቀልቶ አለ። «ተማሪ ደስታ ያለው ሴት መሆኗን እናረጋግጣለን» ይላል።

ፍኖተ ሰላም ያኔ አንድ መንገድና የመንገዱ ግራና ቀኝ ነበረች። ዛሬ ባጃጁ አላሳልፍ ይላል፤ ያኔ አውራ ጎዳናው መሐል ላይ ሁለት ሰው ቆሞ የሦስት መንደር ወሬ ጨርሶ ይለያይ ነበር። ሻይ በስሙኒ፣ ብስኩት ከጨመሩበት ሽልንግ። እኛ ሴቶቹ የቴትሮን ቀሚስ፣ ከላዩ ሹራብ ነበር የምንለብስ፤ እግራችን ላይ ደግሞ የላስቲክ ጫማ፣ ፀሐይ ሲበረታበት እግር የሚቀቅል። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት በር ላይ አንድ ቴፕ ተሰቅሎ ነበር። ባትሪው ሲደክም ካሴቱ ይጎተትና የዘፋኟ ድምፅ እየወፈረ፣ እየወፈረ ሄዶ የወንድ ይሆናል። ሰው ሁሉ ለምዶት ዝም ብሎ ያዳምጣል። አሁን ሳስበው እኔም እንደዚያች ዘፋኝ ነበርሁ፤ መሐል መንገድ ላይ ወንድ ሆንሁ፣ ማንም ልብ አላለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁት ባል ፈትቼ ነው። በልጅነቴ ድረውኝ፣ በልጅነቴ ጥዬው ተመልሼ፣ አባቴ «እንግዲህ ምን ታረጊያለሽ?» ቢለኝ «እማራለሁ» አልሁት፤ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ልጆቹ «እማማ ደስታ» ይሉኝ ነበር። ቀን እየሠራሁ በማታው ክፍል አሥራ ሁለተኛ ስደርስ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ለማትሪክ ስንመዘገብ በእጅ የተሰመረ አንድ ወረቀት ዞረ፤ እያንዳንዳችን ስማችንን ከነማዕረጋችን እንድንጽፍ። ከእኔ በፊት ያሉት «አቶ»፣ «አቶ»፣ «አቶ» ብለዋል። ብዕሩ እጄ ላይ ቆመ። ወይዘሮ እንዳልል ባል የለኝ፤ ወይዘሪት እንዳልል ከተማው ሁሉ ታሪኬን ያውቃል፣ ከኋላዬ የተቀመጠው የጤና ረዳት ደግሞ በትከሻዬ ላይ አጮልቆ እያየ «የቱን ልትጽፊ ነው እቴ?» እያለ ይስቃል። ሁለቱም በ«ወ» ነው የሚጀምሩት። «ወ» ብዬ፣ ነጥብ አድርጌ፣ ደስታ ያለው ብዬ አሳለፍሁት። በራሴ ብልጠት የኮራሁበት ቀን ነበር። ወረቀቱን በታይፕ የገለበጠው ሰው ማዕረጉን ሁሉ ጥሎ የእኔን «ወ» ግን ፆታ በሚለው ሥር አኖራት። ደስታ የወንድም ስም ነው፤ ያለውም ያው ነው። ወንድ ሆንሁ።

የፈተናው ቀን መታወቂያዬን ያየው ፈታኝ «ወንድ ነሽ እንዴ?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀና «በይ ግቢ፣ ጥያቄው ፆታ አይለይም» አለኝ። አላስተካከልሁትም። ፈተናዬን ይሰርዙብኛል ብዬ ፈራሁ። ውጤት መጣ፣ ምደባም መጣ፣ ስሜ ከወንዶቹ ጋር ተለጠፈ። በዚያ ዘመን ሴቶች በትንሽ ዝቅ ባለ ነጥብ ይገቡ ነበር፤ ያ ድጋፍ ገና አዲስ ነው፣ ስሙም በአማርኛ አልተገኘለትም፣ «አፈርማቲቭ» ነው የሚባለው። እኔን ግን ኮምፒውተሩም ሆነ ሹማምንቱ እንደ ወንድ ነው የመዘኑኝ። በወንዱ ነጥብ ገባሁ።

ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሻንጣዬን ይዤ ስደርስ የወንዶች ሕንፃ ቁልፍ ሰጡኝ። ሰጪው ቀና ብሎ ሲያየኝ ቁልፉን መልሶ ነጠቀኝ። «ከመጣሽበት ትምህርት ቤት ሴት መሆንሽን የሚገልጽ ደብዳቤ አምጪ፤ እስከ ዓርብ ካልመጣሽ ቦታሽ ለሌላ ይሰጣል» ተባልሁ። በመጣሁበት አውቶቡስ ተመለስሁ። የትምህርት ቤቱን ማኅተም የሚይዙት መምህር ውበቴ የሚባሉ፣ ቀጠን ያሉ፣ በሕይወታቸው አንድ ወረቀት አጥፍተው የማያውቁ ሰው ነበሩ።

«ሴት መሆንሽን በምን አውቃለሁ?» አሉኝ፣ ሳይስቁ።

«ሲያዩኝ አይታወቅዎትም?»

«እኔማ አየሁሽ፤ ማኅተሙ አላየሽም። ሦስት ምስክር አምጪ።»

ሻይ ቤት ያለችውን ሴትዮ፣ የተከራየሁትን ቤት ባለቤት፣ ሦስተኛ ደግሞ ጎረቤቴ የነበሩትን መሪጌታ ይዤ ተመለስሁ። መሪጌታ ነገሩን በሙሉ ካልሰማሁ አልመሰክርም አሉ። ስነግራቸው ጺማቸውን ዳበሱና «ወ እኮ በግዕዝ ‹እና› ማለት ነው» አሉ። «‹ወደስታ› ብለሽ ነዋ የጻፍሽ፤ ‹እና ደስታ›። ከአንቺ በፊት ሌላ ስም አለ ማለት ነው። ሌላዋን የት ጥለሻት መጣሽ ልጄ?» ሁላችንም ሳቅን። መምህር ውበቴ እንኳ ጥርሳቸው ታየ። እኔ በሳቁ መሐል ደብዳቤው ላይ አንድ መስመር እንዲጨመርልኝ ለመንሁ፤ በወንዶቹ ነጥብ ማለፌ እንዲጻፍልኝ። መምህሩ ታይፑን ወደ ራሳቸው ሳቡና «የተጠየቅሁት ሴት መሆንሽን ነው እንጂ ጀግና መሆንሽን አይደለም» አሉኝ።

እንዲህ ሴት ሆኜ ተመለስሁ። አልጋ አገኘሁ። ከእኔ በላይ ባለው አልጋ ስንዱ ነበረች። ከጅጋ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ከሚያስኬድ አገር የመጣች፣ አሥራ ዘጠኝ ያልሞላት፣ ሻንጣ የሌላት ልጅ፤ ልብሷ በአንድ የማዳበሪያ ከረጢት ታጥፎ ነው የመጣ፣ ከረጢቱን ግን አጥባ፣ አፉን በክር ዘምዝማ። «እትዬ» አለችኝ ገና ስሜን ሳትጠይቅ። እኔ ስበላ ትበላለች፤ እኔ ሳጥብ ታጥባለች፤ ቤተ መጻሕፍት ስሄድ ከኋላዬ ናት። እናቷ እስከ ጅጋ ድረስ ሸኝታት «ከትልቅ ሰው አትለዪ» ብላታለች። ትልቋ ሰው እኔ መሆኔ ነው። ለአንድ ሰው እንዲህ ትልቅ ሆኜ አላውቅም ነበርና ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ወር ሳይሞላን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ዝርዝር ወጣ። በልዩ ድጋፍ የገቡ ሴት ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የሒሳብና የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣቸዋል ይላል። የእኔ ስም ሁለተኛ ነው። ደብዳቤዬ ሴት ናት አለ፤ ሴት ከሆነች በድጋፍ ነው የገባች ተባለ፤ በቃ። ወንዶቹ ሰሌዳው ፊት ተኮልኩለው ስማችንን ጮክ ብለው ያነቡታል፣ በእያንዳንዱ ስም ላይ «አሜን» ይላሉ እንደ ጸሎት። ደሜ ፈላ። በቀጥታ ዝርዝሩን ያወጣው ቢሮ ገብቼ ስሜን ሰርዙልኝ አልሁ። እዚያ የነበሩት ሴትዮ ደግ ሰው ነበሩ፤ «እኅቴ፣ ትምህርት እኮ ነው፣ ምን ይጎዳሻል?» አሉኝ። ሰርዙልኝ አልሁ። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙልኝ። መስመሩ ቀጥ ብሎ እንዲያልፍ በማስመሪያ እንዲያደርጉት እንኳ ጠየቅሁ፤ እንዲህ ነበርሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ስንዱ ፊቷን ታጥባ፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ፣ አልጋዬ አጠገብ ቆመች።

«እትዬ፣ አይነሡም? ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው።»

«እኔ አልሄድም።»

«ምነው? አሞዎታል?»

«ስሜን አሰርዣለሁ።»

ገባት መሰለኝ፤ ዓይኗ ወለሉን አየ። ማጠናከሪያው የሚሰጥበት ክፍል አምስት ደረጃ አለው፤ ደረጃው ላይ ወንዶቹ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ የምትገባውን ሴት ሁሉ «አፈርማቲቭ አንድ፣ አፈርማቲቭ ሁለት» እያሉ ነው የሚያሳልፏት።

«ታዲያ እኔ በነዚያ መሐል ብቻዬን እንዴት አልፋለሁ?» አለችኝ። «እርስዎ ከፊቴ ቢሆኑ እኮ…»

ያኔ ነው ያልኋት። ድምፄ እንኳ አልተቆጣ፤ መጽሐፍ እየገለጥሁ ነበር። «እኔ በወንዱ ነጥብ ነው የገባሁት። አንቺ የሚያስፈልግሽ ከሆነ ሂጂ» አልኋት።

ሄደች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰች። አልጋዋ ላይ ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ምን ሆነሽ አላልኋትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልሄደችም፤ ከዚያ በኋላም። «በራሴ እወጣዋለሁ» ማለት ጀመረች፤ ቃሉም፣ አገጯን ቀና ማድረጓም የእኔ ነው። በልቤ በምስጢር ኮራሁባት። የሒሳብ መጽሐፉን ከእኔ ተውሳ ስታነብ ገጹን ሳትገልጥ ብዙ ትቆያለች፤ እያየሁ ነበር። ላስረዳሽ ብላትስ? እኔም በቅጡ አልገባኝም፤ አልገባኝም ማለት ደግሞ ከዚያ ሰሌዳ ላይ መመለስ መሰለኝ። በጥር ውጤት ሲለጠፍ እኔ ለጥቂት አመለጥሁ፤ ከስንዱ ስም አጠገብ በሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው ቃል «ተሰናብታለች» ማለት መሆኑን ያስረዳኋት እኔ ነኝ። ከረጢቷን አጣጠፈች። መናኸሪያ ሸኘኋት። መስኮቱ አልዘጋ ብሏት በአንድ እጇ እየገፋች በሌላው አሰናበተችኝ፤ «እርስዎ ይጨርሱ እትዬ» አለችኝ። ጨረስሁ። ፍኖተ ሰላም ተመልሼ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኜ ዕድሜዬን እዚያ በላሁ።

በእነዚያ ዓመታት ስንት ልጆች በእጄ አለፉ። ሴቶቹ ቁጥራቸው ጨመረ፤ የሴቶች ቢሮ ተከፈተ፣ ቢሮው ስሙን ቀየረ፣ የሴቶች ቀን ሸራ በየዓመቱ ይታተማል፣ ቀለሙ ያምራል። ልጆቹ ለዕረፍት ሲመጡ እጠይቃለሁ፤ ቅዳሜ ትምህርት አላችሁ ወይ እላቸዋለሁ። አለ ይላሉ። ትሄዳላችሁ ወይ ስል ደግሞ አገጫቸውን ቀና ያደርጉና «እኔ በራሴ ነው የገባሁት» ይላሉ። ይህን ስሰማ የሚይዘኝ ድካም ስም የለውም። ወንዶቹ ሲሰድቡ ሰምቼ ለምጄዋለሁ፤ ስድቡን የምታስቀጥለው ግን እንደ እኔ ያለች ናት፣ ስሟን በማስመሪያ ያሰረዘች።

ታዲያ ወደ ቡሬው አዳራሽ ስሄድ ይህንኑ ልናገር ነበር የተነሣሁት። በወረቀት ጽፌዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ ገልብጬዋለሁ፣ የስንዱን ስም ብቻ ትቼ። ትግስት፣ ያች የደወለችልኝ ልጅ፣ ጸጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ቀልጣፋ ናት፤ ድምፅ ማጉያውን ያዘችና «እናታችን ያለ ምንም ድጋፍ፣ ከወንዶች ጋር እኩል ተወዳድረው የገቡ ናቸው!» አለች። አዳራሹ በጭብጨባ ተነሣ። የ«ወ»ዋን ነገር ነገርኋቸው፤ ማኅተሙ አላየሽም ስል ሳቁ፤ ተንከተከቱ። ከዚያ በኋላ ወረቀቴን ሳየው ያላነበብሁት ሁለተኛው ገጽ፣ የዚያ ቅዳሜ ነገር፣ ቀርቷል። ስንት ዓይን ነው የሚያየኝ! ልጆቹ ሁሉ አገጫቸውን ቀና አድርገው። «በርቱ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ወረድሁ። በመስተዋት የተለበጠ የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። ከትግስት ጋር ፎቶ ተነሣሁ። ስወጣ ያች የመናገር አጋጣሚ ደግማ የምትመለስ አልመሰለኝም። ባጃጅ ጠራሁና «በርበሬ ተራ» አልሁት።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ ከረጢት በከረጢት ላይ። ስንዱ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስልኳ ላይ ታሰላለች። ወፍራለች። ቀና ሳትል «በኪሎ ነው በኩንታል?» አለች።

«ስንዱ» አልሁ።

መነጽሯን አደረገች። ቆይታ «እትዬ ደስታ!» አለችና ተነሣች፤ ሦስቴ፣ አራቴ ሳመችኝ። «ኧረ ሸብተዋል!»

«አንቺስ ብትሆኚ፣ በሩ እንዴት ያስገባሻል?»

«አንዴ ገብቻለሁ፣ አልወጣም!» ብላ ሳቀች። ከረጢት ጠርጋ አስቀመጠችኝ፤ ስለ ልጆቿ ነገረችኝ፣ ሁለት ወንድ አንዲት ሴት፤ ሴቷ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ናት። ከዚያ ዓይኗ እጄ ላይ አረፈ። «ያ የያዙት ምንድን ነው?»

«የምስክር ወረቀት።»

«የምን?»

«በወንዱ ነጥብ ስለገባሁ።»

ሳቋ ቀረ። እኔም ዙሪያ ጥምጥም ሳልል ነገርኋት፤ ያን ቅዳሜ ያልኋትን ቃል ደገምሁላት፣ ዛሬም አዳራሹ ውስጥ ልናገረው ፈልጌ መዋጤን ነገርኋት። «ያባረርሁሽ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ» አልሁ። በአገራችን ወግ ይቅር ለእግዜር ይባላል፤ እሷ ግን አላለችም። እጇን ጭኗ ላይ አደረገችና በሩን አየች።

«ቃሉንማ አልረሳሁትም» አለች በመጨረሻ። «መጽሐፍ እየገለጡ ነበር። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ደረጃው ላይ ሦስተኛው ድረስ ወጥቼ ነበር፤ በሩ ገርበብ ብሎ አንዲት አስተማሪ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ ጀርባዋ ይታየኛል። ምን እየጻፈች እንደሆነ ወንዶቹ ስላዋከቡኝ ልብ ብዬ ማየት አልቻልሁም። ስመለስ ልጠይቅዎ ብዬ አፈርሁ። ልጄም አሁን ስትደውል ቅዳሜ አልሄድም ትለኛለች፤ ሂጂ እንዳልላት ውስጡን አላውቀው። ከባድ ነበር? እንዴት ነበር የሚያስተምሩ?»

ልመልስ አፌን ከፈትሁ። አራት ዓመት በዚያ ግቢ ኖሬያለሁ፤ በዚያ ደረጃ ሥር በየቀኑ አልፌያለሁ፤ ስንት መጽሐፍ በቁጥር አሰናድቼ መደርደሪያ ላይ አኑሬያለሁ።

«አላውቅም ስንዱ» አልኋት። «አንድም ቀን አልገባሁበትም።»

ረዘም አድርጋ አየችኝ። ንዴት አልነበረም፤ ብዙ ዓመት የታጠፈ ነገር እንደሚዘረጋ ሰው ዓይነት ነበር። «እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ዘመን» አለች ቀስ ብላ፣ «እርስዎ የማያስፈልግዎት ስለሚያውቁት ነው ብዬ ነበር።»